እትዬ በረኪና የጎረቤት ቆሻሻ የለመነችበት ሳምንት

ሥራ ሲፈታ የሚያመው እጅ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ኮሪደር ስትወለውል ኖራ ጡረታ በወጣችበት ዕለት፣ የሽኝቱ ኬክ ተቆርጦ ሳያልቅ እሷ ከጠረጴዛው ሥር ፍርፋሪ ትለቅም ነበር አሉ። ነርሶቹ የሚጠሯት "እትዬ በረኪና" እያሉ ነው። ስሙን ያወጡላት ወልውላ ካለፈች በኋላ ኮሪደሩ ላይ ከሚቀረው ሽታ ተነስተው ነው። እሷም አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ትኮራበታለች። "እኔ ባጠብኩት ክፍል የተኛ ሰው ቁስሉ አመርቅዞ አያውቅም" ትላለች። ውሸት አይደለም፤ ዶክተሮቹም ይመሰክሩላታል።

ያለቻት አንዲት ልጅ ናት። ልጅቱ ከባሏ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ዓሣ ታረባለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ "እማዬ፣ ጠቅልለሽ ነይልኝ" አለቻት። እናት "ጠቅልለሽ" የምትለዋን ቃል አጥብቃ ያዘች። የተከራየችውን ክፍል ለቀቀች፤ አልጋዋን ለጎረቤት ሰጠች፤ አንዲት የቆርቆሮ ሳጥኗን "ስደላደል አስመጣታለሁ" ብላ እህቷ ቤት አስቀመጠች። ከዚያ አንድ ሻንጣና አንድ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን በረኪና ይዛ ከተፍ አለች።

ግቢው ሦስት የዓሣ ኩሬዎች አሉት። ከኩሬዎቹ የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ በጠጠር የተሞላ ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የባሕር አረም በገመድ በገመድ ወደተንጠለጠለበት ቦይ ያልፋል። አረሙን አቋርጦ ሲወጣ ፓምፑ ወደ ኩሬዎቹ ይመልሰዋል። ከባሕሩ የሚገባው ፀሐይ የጠጣችውን ለመተካት ያህል ብቻ ነው። ቀድሞ በዚያ ዳርቻ ዓሣ የሚያረባ ሁሉ የኩሬውን እጣቢ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይደፋ ስለነበር አካባቢው ይከረፋ ነበር። የልጇ ባል ግን "የኔ ዓሣ የሸናውን አረሙ ይበላዋል፣ አረሙን ሰው ይበላዋል፣ ባሕሩ የኔን ጉድ አያይም" ይላል። ይህን ሲል አንገቱ አንድ ክንድ ይረዝማል።

እሷ ከዚህ ሁሉ የገባት ነገር ቢኖር ውሃው እንደማያርፍ ብቻ ነው። ውሃው ይዞራል፣ ፓምፑ ያጉረመርማል፣ እሷም አብራ ትዞራለች። በመጣች በወሩ መረቦቹን በየመጠናቸው አጣጥፋ ደረደረች። ባልዲዎቹን ቀለማቸው እስኪለቅ ፈተገቻቸው። አንድ ማለዳ የልጇ ባል የዳርቻውን አሸዋ በመጥረጊያ ስትጠርግ አገኛት።

"እማማ፣ እሱኮ አያልቅም" አላት።

"ቢያንስ ይጀመር" አለችው።

ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሌላ ዓሣ አርቢ አለ። ዕድሜው ሰባን የረገጠ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ከጠዋት እስከ ማታ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ የሚውል ሰው ነው። ሰፈሩ "ጭቃ ሹሙ" ይለዋል። አንድ ቀን በዚያ በጭቃማ እጁ ዳቦ ሲቆርስ አየችውና ዝም ማለት አቃታት። "አንተ ሰውዬ፣ ውሃ ላይ ተቀምጠህ ውሃ ትፈራለህ?" ብላ በአጥሩ ላይ ጮኸችበት። ይህም አልበቃት ብሎ በማግስቱ አንድ ሳሙና በወረቀት ጠቅልላ በር ላይ አስቀመጠችለት። ልጇ በሐፍረት ልትሞት ደረሰች። እሷ ግን ቅዱስ ሥራ የሠራች መስሏት ነበር።

ነገሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቤቱ ግድግዳ ጣውላ ስለሆነ ወሬ አያስቀርም። አንድ ምሽት ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ሰማች።

"እናትሽን እወዳቸዋለሁ" ይላል ባል። "ግን ይሄ ሥራ መተውን ይፈልጋል። የሳቸው እጅ ደግሞ አይተውም። አንድ ቀን አንድ ነገር ይነኩና ዕዳው ለሁላችን ነው።"

"የት ትሂድ ታዲያ? ክፍሏን ለቃለች።"

"አሁን ሂዱ አልልም። አንቺ ሆስፒታል ስትገቢ ብቻቸውን ይቆያሉ አይደል? እሱን እንይ።"

ያን ሌሊት አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ አደረች። ተቆጥታ አልነበረም። እውነቱን ስለተናገረ ነው የከፋት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "አትንኪ" ያላት ሰው አልነበረም፤ እንጀራዋ መንካት ነበር።

ምጡ የመጣ ዕለት የልጇ ባል መኪናውን አስነስቶ፣ እያለከለከም ቢሆን ትእዛዙን ሰጣት። "ጠዋት አንድ ጣሳ ምግብ፣ ማታ አንድ ጣሳ። ፓምፑ ከቆመ ይደውሉልኝ። ከዚህ ውጪ ምንም አይንኩ፣ እማማ። ምንም። እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ።"

"ቀሚሴ ኪስ የለውም" አለችው። ልጇ በምጥ መሐል ሳቀች።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ለዓሦቹ አንድ ጣሳ በተነች። ከዚያ ኩሬው ዳር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ተነሳች። ስልኳን አየች፤ የደወለ የለም። ተቀመጠች። ቤቱን ጠረገች፤ የተጠረገ ቤት ስለነበር አንድ አፍታ አልፈጀም። የሕፃኑን ልብሶች አውጥታ እንደገና አጥባ አሰጣች። ስልኩን አየች። ልጇ እዚያ እያማጠች፣ እሷ እዚህ እጇን አጣጥፋ! በግቢው ሦስት ጊዜ ዞረች፤ በአራተኛው ዙር ዓይኗ የጠጠሩ ገንዳ ላይ አረፈ።

ጠጠሮቹ ቡናማ ልጋግ ለብሰዋል። አንዱን አንስታ በጣቶቿ አሸችው፤ ያዳልጣል፣ የረግረግ ሽታ ይሸታል። የልጇ ዓሦች የሚኖሩበት ውሃ በዚህ ነው የሚያልፈው? አራስ ወደምትመጣበት ቤት?

ምንም አይንኩ መባሏን አልረሳችም። ግን ለራሷ እንዲህ አለች፦ ማጠብ መንካት አይደለም። ልብ ይበሉ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የተባለው እንደሷ ላለው ነው።

የገንዳውን መግቢያ የሚከፍት የሚዘጋውን ሳንቃ ገፍታ ውሃው በጎን ወደ አረሙ ቦይ እንዲያልፍ አደረገች። ጠጠሩን በባልዲ በባልዲ እየዛቀች አወጣች። በብሩሽ ፈተገች፤ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ዘፈዘፈች፤ ሦስት ጊዜ አለቀለቀች። ወገቧ እስኪቆረጥ ሠራች። በሥራው መሐል ልጇን ማሰብ አቆመች፤ ለነገሩ የጀመረችውም ለዚሁ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠጠሮቹ እንደ ጥርስ ነጭ ሆነው ገንዳው ውስጥ ተኙ። ውሃው በላያቸው ሲያልፍ እያንዳንዷ ጠጠር ትታያለች። ደስታዋ ወሰን አልነበረውም፤ የማታው ምግብ ላይ ግማሽ ጣሳ ምርቃት ጨመረችላቸው።

በማግስቱ ዓሦቹ ደህና ዋሉ። ልጇም ገና አልወለደችም፤ "ጠብቂ" ብቻ ነው መልሱ።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ጣሳዋን ይዛ ወጣች። ኩሬዎቹ ገና ከሩቁ የተለየ ድምፅ ያሰማሉ፤ ለስላሳ የሆነ፣ የብዙ ከንፈር ድምፅ። ዓሦቹ ከዳር እስከ ዳር ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ይዘጋሉ። የሚተነፍሱበት ቀይ ስንጥባቸው ይርገበገባል። አሥራ አንድ የሚሆኑት በጎናቸው ተገልብጠዋል። ክው አለች። ጣሳው ከእጇ ወደቀ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ኖራለች፤ ትንፋሽ ያጠረው ፍጡር ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ጠጠሮቹን አየች። ማንም ሳይነግራት ያኔውኑ ገባት።

ስልኩ የጮኸው በዚያች ቅጽበት ነው። የልጇ ባል ነበር። "እማማ! በቀዶ ጥገና ተገላገለች። ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!"

"ተመስገን፣ ተመስገን" አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ዓሦቹስ? ደህና ናቸው?"

ልትናገር አፏን ከፈተች። ከስልኩ ማዶ የሕፃኗ ለቅሶ ይሰማል።

"ደህና ናቸው" አለች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ኩሬዎቹን እየዞረች እጆቿን ታፋትግ ጀመር። ስምንት ወር ያደጉ ዓሦች ናቸው፤ ለገበያ ሊደርሱ አምስት ሳምንት ቢቀራቸው ነው። የልጅ ልጇ ተወልዳለች፤ እሷ ግን ገና ፊቷን ሳታያት የምትገባበትን ቤት አፍርሳዋለች። ክፍል የላትም፣ አልጋ የላትም። ከሁሉም የከበዳት ግን ያቺ "ደህና ናቸው" ያለቻት ቃል ነበረች። የሚያድናት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከአጥሩ ማዶ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ዓይኗን በጨው አጥባ ሄደች።

ያን ዕለት "አንተ" ያለችውን ሰው ዛሬ "ጋሼ፣ እባክዎን ይድረሱልኝ" አለችው።

ጭቃ ሹሙ ምንም ሳይጠይቅ ተከትሏት መጣ። ኩሬውን አየ። ወደ ገንዳው ሄደ። አንዲት ነጭ ጠጠር አንስቶ አሸተተ።

"በረኪና?"

"ሦስት ጊዜ አለቅልቄዋለሁ።"

"አይ እህቴ! ያጠብሽው እድፍ መሰለሽ? ነፍስ ያለው ነገርኮ ነው። ዓይን አያየውም እንጂ በሕይወት ያለ ነው። ዓሣው የሚሸናው መርዝ ነው፤ ያ ልጋግ ደግሞ እየበላ መርዙን ያበርደዋል፣ አብርዶ ለአረሙ ያቀብለዋል። እሱን ለማደለብ እነዚህ ልጆች ሁለት ወር ነው የለፉት። አረሙ ራሱ ጥቂት መርዝ ስለሚጠጣ ነው እንጂ እስካሁን አንድም አይተርፍልሽም ነበር።"

"ጀርም ነው በሉኛ" አለች በቀጭን ድምፅ።

"ጀርም ነው።"

"ዕድሜ ልኬን ጀርም ስገድል ነው የኖርኩት።"

"እዚህ ደግሞ ታሳድጊዋለሽ" አላት።

ከዚያ ያዘዛት እንዲህ ነበር። ለዓሦቹ ምግብ የለም፤ ያልበላ ብዙ አይሸናም። የየኩሬው ውሃ ሩቡ በአረሙ ቦይ በኩል ይውጣ፤ በቀጥታ ወደ ባሕር አይለቀቅ፣ የሷን ጥፋት ባሕሩ አይሸከምም። ባሕሩ ሲሞላ ንጹሕ ውሃ ይግባ። በየሙላቱ እንዲሁ ይደረግ። ጠጠሩን በተመለከተ ግን መንገዱ አንድ ነው።

"ከየት ነው የማመጣው ያንን ልጋግ?" አለችው።

ጭቃ ሹሙ ወደ ራሱ ግቢ በአገጩ አመለከተ። "ቆሻሻ ከኔ ቤት ምን ጠፍቶ" አለ። ፊቱ ላይ ሳቅ ነገር ሽው ብሎ አለፈ። ይገባዋልም።

በእጅ ጋሪ ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። እሱም ካለው የጠጠር ገንዳ የወጣውን ጠጠር በእርጥብ አረም ሸፍና፣ ፀሐይ ሳትነካው ስትሮጥ ጡረተኛ አትመስልም። ከጠጠሮቹ አንዷ ብትወድቅ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ ታነሳታለች። በራሷ ነጭ ጠጠር መሐል እነዚያን ቡናማ ጠጠሮች በባዶ እጇ አሰባጥራ ቀበረች። ልጋጉ ክርኗ ድረስ ደረሰ። ስትጨርስ እንደ ልማዷ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ጭቃ ሹሙ ከኋላዋ ጮኸ።

"ሳሙና የለም! በሳሙና የታጠበ እጅ እዚህ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ። ይሄ ነገር እስኪይዝ በባሕር ውሃ ብቻ ነው መለቃለቅ። እኔ ሳሙና የማልነካው ለምን ይመስልሻል? ያቺ ያመጣሽልኝ እንደተጠቀለለች አለች።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

"ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ።"

"እሱ ይቆየን። እስኪ አሁን ሂጂና ተቀመጪ።"

"ከዚያስ ምን ልሥራ?"

"መቀመጥ።"

"እሱማ እሺ፣ ግን ሥራው ምንድን ነው?"

"እሱ ነው ሥራው" አላትና ሄደ።

እውነት ለመናገር ይሄ ነው የከበዳት። ጠጠር መሸከም ለሷ ሠርግ ነው። አሁን ግን ከሙላት እስከ ሙላት ያሉት ሰዓቶች እንደ ጎማ ይለጠጣሉ። ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ እግሯ ብቻውን ይርገፈገፋል። ተነስታ ገንዳው ዘንድ ትሄዳለች፤ ጠጠሮቹን ልታገላብጥ እጇን ትዘረጋለች፤ ትመልሰዋለች። ባሕሩን "ሙላ እንጂ!" ብላ ትቆጣዋለች። ባሕሩ የሆስፒታል አስተዳዳሪ አይደለም፤ ቁጣዋን አልሰማም፣ በሰዓቱ ነው የሞላው። የሞተ ዓሣ በተንሳፈፈ ቁጥር በወንፊት ታወጣና ከአጥሩ ሥር ትቀብራለች። አንዱንም ሳትቆጥር አልቀበረችም።

በአራተኛው ቀን ራሷን ስላላመነች የቤቱን ሳሙና ሁሉ ሰበሰበች። የልብሱን፣ የዕቃውን፣ የገላውን፣ በጀሪካኑ የቀረውን በረኪና ጭምር በዘንቢል አድርጋ አጥሩን ተሻግራ ለጭቃ ሹሙ አስረከበች። "ለኔ እንዳይሰጡኝ። ብለምንዎት እንኳ እንዳይሰጡኝ" አለችው። ያኔ ጭቃ ሹሙ ከትናንት ጀምሮ የያዘውን ሳቅ ለቀቀው፤ ከዚያ እሷም ሳቀች፣ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት።

ስድስተኛው ቀን ከአንድ ዓሣ በላይ አልሞተም። በሰባተኛው ማለዳ ምንም። ዓሦቹ ወደ ታች ወርደዋል፤ የውሃው ፊት ፀጥ ብሏል። ነጭ ከነበሩት ጠጠሮች አንዷን ነካች፤ በስሱ፣ እንዳለና እንደሌለ ሆኖ፣ አዳለጣት። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዳልጣት ደስ ብሏት አያውቅም።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ መኪናዋ ገባች። ልጇ ሕፃኗን ታቅፋ ቀስ ብላ ስትወርድ እናት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አልሮጠችም፣ እጇን ከኋላዋ ደብቃለች።

"እማዬ፣ ምነው? ነይ ያዢያታ!"

"እጄ..." አለች።

"አሳዪኝ።" ልጅቱ የእናቷን እጅ ስባ አየችው። ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ነው። በመዳፉ ስንጥቅጥቅ ውስጥ ቡናማ እድፍ ገብቷል። ከተወለደች ጀምሮ የእናቷን ጥፍር እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም፤ አባቷ የሞተ ዕለት እንኳ ንጹሕ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ። "እማዬ፣ ምን ሆነሻል? አሞሽ ነበር?" ወደ ባሏ ዞረች። "ሳሙና አምጣላት!"

እሱ ቤቱን አዳርሶ ባዶ እጁን ወጣ። "አንድም ሳሙና የለም" አለ ግራ ገብቶት።

"ጭቃ ሹሙ ቤት ነው" አለች እናት። ከዚያ በኋላማ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘረገፈችው። ጠጠሩን፣ በረኪናውን፣ ምርቃቱን። በስልክ የዋሸችውንም። "መቶ አርባ ሦስት ዓሣ ገድያለሁ። አጥሩ ሥር ናቸው። ሳጥኔ እህቴ ቤት ነው፤ እዚያው እሄዳለሁ፣ አትቸገሩ።"

የልጇ ባል ወደ ገንዳው ሄደ። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ከተተ፣ ጠጠሩን ዳሰሰ። ከዚያ ወደ ኩሬዎቹ ሄዶ እያንዳንዱ ዘንድ ቆመ። ልጅቱ እናቷን ኩሬው ዳር ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ ንጹሕ ፎጣ በጭኗ ላይ አነጠፈችና ሕፃኗን አስተኛችላት። "በእጅሽ እንዳትነኪያት። ዝም ብለሽ ብቻ ተቀመጪ።"

ሕፃኗ አዛጋች፤ አንቀላፋች። እትዬ በረኪና ትንፋሿን ሰብስባ ተቀመጠች። እግሯ አልተርገፈገፈም። ዝንብ ጉንጯ ላይ ስታርፍ እንኳ አላባረረቻትም፤ የሕፃኗ ፊት ላይ እንዳታርፍ በዓይኗ ብቻ ጠበቀቻት። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲሁ ሆነ።

የልጇ ባል ተመልሶ ሲመጣ ክንዱ እስከ ክርኑ ልጋግ ነው። ቆሞ አያት።

"ይዟል" አለ። "ከመቶ አርባ ሦስቱ በቀር።"

እሷ ቀና ሳትል ፍርዷን ጠበቀች።

"ሳጥንዎን ሰኞ ሄጄ አመጣዋለሁ፣ እማማ። በረኪናውን ግን ጭቃ ሹሙ ይያዝልን።"

ሕፃኗ እንዳትነቃ ብላ "እሺ" ያለችው በሹክሹክታ ነው። እንባዋን ለመጥረግ እጇን አነሳች፤ ጥፍሮቿን አየችና መልሳ አስቀመጠችው።